ፕሮሶፒስን ለጥቅም ስለ ማዋል

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ ተማሪ የቀረበ ንግግር



ዛሬ የምናገረው፥ በጂንካ ከምንኖረው ከእኛ ይልቅ በኦሞ ወንዝ ዳር ከብት የሚጠብቀው ወንድማችን ስለሚያውቀው አንድ ዛፍ ነው። ስሙ ፕሮሶፒስ ይባላል። የትውልድ አገሩ መካከለኛውና ደቡብ አሜሪካ ነው። ወደ አገራችን ሲገባ እንደ ጠላት አልታየም፤ በ1970ዎቹ ዓ.ም. በአዋሽ ሸለቆ ደረቁን ምድር እንዲያለብስ፥ ነፋስ እንዲከላከልና ጥላ እንዲሰጥ ታስቦ በሰው እጅ ተተከለ። ዛሬ ግን በአፋር ሰፊ የግጦሽ መሬት ወርሷል፤ በእኛም በኩል በዳሰነችና በሐመር ቆላ ይገኛል። እሾሁ ከብቱን ከውኃ ያግደዋል፤ በበዛበትም ስፍራ ሣር ይጠፋል። ለዳሰነች ሰው ሣር ማለት ወተት ነው፤ ወተትም የልጆች ራት ነው።

«ታዲያ ቆርጠን ብንሸጠውስ?» የሚል ይኖራል። ሐሳቡ መልካም ነው። እንጨቱ ጠንካራ ስለ ኾነ ጥሩ ከሰል ይወጣዋል፤ ለአጥርም ይኾናል። በአፋር በገዋኔ በ1990ዎቹ ዓ.ም. የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተቋቁመው ከሰሉን ሸጠዋል። ነገር ግን ኹለት ችግር ተከተለ። አንደኛው፥ ከላይ የተቆረጠው ጉቶ እንደገና ማቆጥቆጡ ነው። ኹለተኛው፥ በፕሮሶፒስ ስም የአገራችን ግራርም መቆረጡ ነው፤ ከሰል ከኾነ በኋላ በጆንያ ውስጥ ማን ይለየዋል?

እኔ እንደሚመስለኝ ስሕተቱ ከዋጋው ላይ ነው። ከሰል ገዢ የሚከፍለው ለግንዱ ነው፤ ለሥሩ የሚከፍል የለም። ስለዚህ ለማኅበሩ የሚሰጠው ፈቃድ በጆንያ ቍጥር መኾኑ ቀርቶ፥ ጉቶው ከመሬት በታች ተቆፍሮ በወጣበትና ሣር በተመለሰበት መሬት ስፋት ቢለካ ይሻላል። ከሰሉ የድካሙ ዋጋ ይኹን እንጂ የሥራው ግብ አይኹን።

ፍሬውም እንደዚሁ ነው። ጣፋጭ ስለ ኾነ ከብትም ፍየልም ይወዱታል፤ ዘሩ ግን በሆዳቸው አልፎ ሳይሞት ይወጣል፤ ፋንድያውም ማዳበሪያ ይኾነዋል። እረኛው ሳያውቅ ዘሪ ኾነ ማለት ነው! ፍሬው ከነዘሩ በወፍጮ ከደቀቀ ግን አይበቅልም፤ ከሌላ መኖ ጋር ተቀላቅሎም ይበላል። ብቻውን ሲበዛ ይጎዳል፤ በኬንያ የባሪንጎ ሰዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ስለዚህ ዛፍ መንግሥታቸውን ከሰው፥ ጥርሷ ያለቀ ፍየል ለማስረጃ ችሎት ፊት አቅርበው ነበር።

ወላጆቻችን ከቆላ ከብት ወደ ገበያ ስትነዱ፥ ፍሬውን የበላው ጥቂት ቀን በበረት ቢቆይ ዘሩ በመንገድ አይዘራም። እኛም ተማሪዎች ለዕረፍት ወደ ቆላ ስንወርድ፥ ችግኙን ገና ለጋ ሳለ ከነሥሩ እንንቀለው፤ ካደገ በኋላ መጥረቢያም አይበቃውም።