ከአርባው በኋላ የሚነበብ ልብ ወለድ



በዚህ በጥቅምት ብርድ ቤታችሁንና ጋቢያችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። የዛሬው ንግግሬ በመጸው ወራት ስለሚነበብ ልብ ወለድ፣ በተለይም ሐዘንን ጉዳዩ ያደረገ ልብ ወለድ እንዴት እንደሚመረጥ ነው። መጸው ስል ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለውን ወቅት ማለቴ ነው። በየዘፈኑና በየማስታወቂያው «ጸደይ» እየተባለ የሰው ስም የተሸከመው ይኸው ወቅት ነው፤ ጸደይ የሚገባው ግን ከመጋቢት 26 ጀምሮ ስለሆነ ስሙን ለባለቤቱ መልሼ ልቀጥል።

በዚህ ወቅት አንድ ጥያቄ በየዓመቱ ይቀርብልኛል። እንቁጣጣሽና መስቀል አልፈዋል፤ በዚያ ዓመት ሰው የጎደለበት ቤት የመጀመሪያውን በዓል እንደምንም ተወጥቶታል፤ ምሽቱ ቀዝቅዟል፣ ሌሊቱም ረዝሟል። ያን ጊዜ ወዳጅ ለወዳጁ አስቦ «ሐዘን ላይ ላለ ሰው ምን መጽሐፍ ልስጠው?» ይለኛል። ብዙ ጊዜ የሚፈለገው መልስ «የሚያጽናና» የሚል ነው። እኔ ግን መጽሐፉ ያጽናና እንደሆነ ከመመርመሬ በፊት ሞቱ ከመጽሐፉ ውስጥ የት ላይ እንደሚገኝ አያለሁ። በስተመጨረሻ ነው ወይስ በመጀመሪያው ገጽ?

የአማርኛ ልብ ወለድ ሞትን በሚገባ ያውቃል፤ ዳሩ ግን አዘውትሮ ከመቃብሩ አፋፍ ደርሶ ይመለሳል። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ሲታተም ይህንኑ በርእሱ ተናግሯል። ከአምስት መቶ ገጽ በላይ ስንጓዝ ቆይተን በዛብህ ይሞታል፤ ሰብለ ወንጌል መንኩሳ በመቃብሩ አጠገብ የኖረችው ዘመን ግን በጥቂት ገጾች ይታለፋል። ይህን የምለው ድርሰቱን ለመንቀፍ አይደለም። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው እኔ ልጅ ነበርሁ፤ የሰፈራችን እናቶች አንድ ሬዲዮ ከበው ለበዛብህ እንደ ሥጋ ዘመድ ሲያለቅሱ አስታውሳለሁ። ዛሬ ሳስበው ያ ለቅሶ የበዛብህ ብቻ አልነበረም፤ በጎረቤት ለቅሶ የራስን ሟች ማልቀስ የቆየ ልማዳችን ነው። መጽሐፉ የአልቃሽን ሥራ ሠርቷል። አልቃሽ ግን የምትፈለገው በቀብሩና በሠልስቱ ነው።

ከዚያ በኋላስ? ታላቅ እኅቴ በሞተች ጊዜ እድሩ ድንኳን ተከለ፣ ንፍሮ ተቀቀለ፣ ጎረቤት ተራ ገብቶ አብሮን አደረ። ሐዘንተኛን ብቻውን ባለመተው ረገድ ባህላችን የሚታማ አይመስለኝም። ከአርባዋ በኋላ ግን ስሟን የሚያነሣ ሰው ጠፋ። ሰዉ ጨክኖ ሳይሆን ሐዘኔን እንዳይቀሰቅስብኝ ፈርቶ ነው። እኔ ደግሞ ስሟን የሚጠራልኝ ሰው በጣም ፈልጌ ነበር። ልብ ወለድ የሚያስፈልገው ድንኳኑ ከተነቀለ በኋላ ባለው በዚህ ዝምታ ውስጥ ነው እላለሁ።

ለዚህ ጊዜ አስቀድሜ የማነሣው የሴኔጋላዊቷን ደራሲ የማሪያማ ባን መጽሐፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 በፈረንሳይኛ የታተመ ሲሆን ርእሱን «እጅግ ረጅም ደብዳቤ» ብለን ልንመልሰው እንችላለን። ባልየው ሞዱ ገና ከጅምሩ ሞቷል። ሚስቱ ራማቱላይ በእስልምና ሥርዓት አራት ወር ከአሥር ቀን ከቤት ሳትወጣ ሐዘን ተቀምጣ ለልጅነት ጓደኛዋ ትጽፋለች። ሦስተኛው፣ ስምንተኛው፣ አርባኛው ቀን ይቆጠራል፤ ለቀስተኛው ይመጣል፣ ይበላል፣ ገንዘብ ያዋጣል፣ የተዋጣውንም የባል ዘመዶች ይዘውት ይሄዳሉ። ሠልስትና አርባ የሚያውቅ አንባቢ በዚህ ቤት እንግድነት አይሰማውም። ነገሩን የሚያከብደው ሟቹ ከአምስት ዓመት በፊት የልጁን ጓደኛ አግብቶ ራማቱላይን የተዋት መሆኑ ነው። እንግዲህ ሴትዮዋ የምታለቅሰው የትኛውን ባል ነው? የሞተውን ወይስ ቀድሞ የሄደውን? ለቅሶ ቤት ሟችን ማመስገን እንጂ መክሰስ ነውር ነው፤ ደብዳቤው ግን ሁለቱንም ይችላል። በአርባኛው ቀን ይቅር ትለዋለች፤ ወንድሙ ሊወርሳት ሲመጣ ደግሞ ለዓመታት የታመቀ ድምጿን አውጥታ ታባርረዋለች። መጽሐፉ ከመቶ ገጽ ብዙም አይበልጥም፤ ይህም ቀላል ነገር አይደለም። ሐዘንተኛ አንድን አንቀጽ ሦስት ጊዜ አንብቦ ምንም ሳይዝ ሊቀር ይችላል፤ ወፍራም መጽሐፍ ያስፈራዋል።

የቶልስቶይ «የኢቫን ኢሊች ሞት»ም (እ.ኤ.አ. 1886) የሚጀምረው ከሞቱ በኋላ ነው። ባልደረቦቹ መርዶውን ሲሰሙ በልባቸው የሚያሰሉት የሟቹን ወንበር ማን እንደሚይዘው ነው፤ የመሥሪያ ቤት ለቅሶ የደረሰ ሰው እዚህ ላይ ሳይወድ ፈገግ ይላል። ሆኖም ታማሚ አስታሞ ለቀበረ ሰው በዚያው ዓመት አልሰጠውም፤ የሕመሙ አተራረክ ምሕረት የለውም።

መቃብር የሌለው ሐዘንም አለ። በአገራችን በእስርና በጦርነት ልጁ የት እንደወደቀ ሳያውቅ ያረጀ ወላጅ ብዙ ነው። ለእንዲህ ያለው ሰው ሰብለ ወንጌል የምትቀናባት ሴት ናት፤ የምትቀመጥበት መቃብር አላትና። ስለዚህ የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» አስባለሁ። በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው ደግሞ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤት እንደወጣ ሳይመለስ ቀረ። ዛሬ መጽሐፉን የምናነብ ሰዎች ሁለት ሐዘን ነው የምናነብበው፤ ጋዜጠኛው ጸጋዬ ፊያሜታን ማጣቱን፣ ደግሞም ከገጹ ውጭ የቀረውን የደራሲውን ቤተሰብ ጥበቃ። «ኦሮማይ» በአስመራ አነጋገር «አበቃ፣ አከተመ» ማለት ነው። አስከሬን ላላገኘ ቤተሰብ ግን ይህን ቃል ማን ደፍሮ ይናገራል?

አንዳንድ ባልደረቦቼ ጋቢ ተከናንቦ፣ ቡና እየጠጡ የሰውን መከራ ማንበብ ቅንጦት ነው ይሉኛል። አልስማማም። ለቅሶ ቤታችንም እኮ ቡና ይፈላበታል፤ ሰው ተጠጋግቶ ይቀመጣል፣ ሐዘንተኛው እንዳይበርደው ይደረብለታል። ብቻ አንድ ነገር አደራ እላለሁ፤ መጽሐፉን በሠልስቱ ይዛችሁ አትሂዱ። ያን ቀን ሰው ነው የሚፈለገው። ኅዳር ላይ፣ የጠያቂው እግር ሲያጥር ሂዱ፤ «ጨረስኸው ወይ?» ብላችሁም አትጠይቁ። ስለ ሟቹ ጠይቁ።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን ልስማ።