የሕፃናት የዓይን ሕክምናና የመምህሩ ድርሻ



እኔ መምህራንን የማሠለጥን መምህር እንጂ የዓይን ሐኪም አይደለሁም። ሆኖም ሐኪሞች ወደ ገጠር ወርደው ሕፃናትን ለማከም በሚያደርጉት ጥረት፤ ከቀዶ ጥገናው በፊትና በኋላ ያለው ሥራ የሚበዛው የእኛ መሆኑን በገዛ ጥፋቴ ስለ ተማርሁ፤ ይህንኑ በፊታችሁ ለመናገር ደፈርሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የማስተማር ልምምድ ላይ የነበሩትን ሠልጣኞቻችንን ለመጎብኘት ወደ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት ሄጄ ነበር። በአንደኛ ክፍል በፊተኛው ወንበር የተቀመጠች አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ፤ በሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ጓደኛዋ ሹክ እያለቻት ጮክ ብላ «ታነብ» ነበር። ሠልጣኙም ጎበዝ ተማሪ መስላው አመሰገናት። ቀረብ ብዬ ባያት የሁለቱም ዓይኖቿ ብሌን እንደ ወተት ነጥቷል። አባቷን አስጠርቼ ብጠይቀው፤ «ጡት ስትጠባ ጀምሮ ነው፤ መምህር። አምና ሐኪሞች ከተማችን መጥተው ወስጃት ነበር፤ ለልጅ እዚህ አይሆንም፤ ትልቁ ሆስፒታል ውሰዳት ብለው መለሱኝ» አለኝ። የትኛው ሆስፒታል እንደ ሆነ የነገረው፤ ስሟን በመዝገብ ያሰፈረ፤ የመንገዱንም ወጪ ያሰበለት ሰው አልነበረም።

ሐኪሞቹ በዚያ ቦታ ቀዶ ጥገናውን አለማድረጋቸው ትክክል ነበር። ሞራ የያዘው ሽማግሌ ዓይኑ ብቻ ደንዝዞለት ጸጥ ብሎ ይተኛል፤ ስለዚህ በአንድ ቀን ብዙ ሰው ይታከማል። ሕፃን ግን ሙሉ ማደንዘዣ፤ የማደንዘዣ ባለሙያና በሕፃናት ዓይን የሠለጠነ ሐኪም ያስፈልገዋል። እ.ኤ.አ. በ1999 የተጀመረው «ራዕይ 2020» የተባለው ዓለም አቀፍ ጥረት እንኳ የመከረው ለዐሥር ሚሊዮን ሕዝብ አንድ የሕፃናት የዓይን ሕክምና ማዕከል እንዲኖር ነበር። እንግዲህ ማዕከሉ ቢሠራም ከመንደሩ ሩቅ ነው። ወደ ገጠር የሚወርደው ቡድን ሕፃናቱን ለይቶ፤ መዝግቦና ተሳፍረው የሚሄዱበትን አዘጋጅቶ ካልተመለሰ፤ ለእነርሱ እንዳልመጣ ይቆጠራል።

ጊዜውም አይጠብቅም። የአዋቂ ሰው ሞራ ዓመት ቆይቶ ቢወጣም ዓይኑ ያያል። የሕፃን አንጎል ግን ማየትን የሚማረው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ስለሆነ፤ ከልደት ጀምሮ ሞራ የጋረደው ሕፃን በጥቂት ወራት ዕድሜው ካልታከመ፤ ኋላ መስኮቱ ቢከፈት ተመልካቹ የለም። ይልቁንም ነጭ ብሌን ሁሉ ሞራ አይደለም፤ ሕይወት የሚያጠፋ የዓይን ካንሰር ሊሆን ስለሚችል «እስኪበስል ይቆይ» የሚለውን ምክር ከማንም አትቀበሉ።

በታንዛኒያ፤ በኪሊማንጃሮ ተራራ አጠገብ በሞሺ ከተማ ያለው ሆስፒታል ይህን ችግር በቀላል ዘዴ ተቋቁሞታል። ለዚሁ ሥራ አንድ አስተባባሪ መደበ፤ የወላጆችን ስልክ መዝግቦ በቀጠሮ ቀን አስታወሰ፤ የመጓጓዣውንም ከፈለ። ለክትትል የሚመለሱትና መነጽር የሚያደርጉት ሕፃናት በዚህ በዙ። ይሁንና በዚያው አገር ለሕክምና ከሚቀርቡት መካከል ወንዶቹ ከሴቶቹ በልጠው መገኘታቸውን ስሰማ አልተደነቅሁም፤ የእኛንም የክፍል ስም ዝርዝር አውቀዋለሁ።

ያችን ልጅ ሆስፒታል አስገባናት፤ ዓይኗም ተሠራ። ያለ መሪ ትሄዳለች፤ ፊደል ግን በጣም ካልተለቀ አይታያትም። መነጽር ተሰጥቷት ሳለ፤ እናቷ እንዳይሰበር ብላ በሳጥን ቆልፋ ለበዓል ብቻ ታወጣላት ነበር። ይህን ያወቅሁት ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው፤ ለክፍል መምህሯ ደብዳቤ እጽፋለሁ ብዬ ሳልጽፍ ቀርቼ ነበርና።

ደግሞም ክፍላችን የሚደርሰው ልጅ ብዙ ጊዜ የዘገየው ነው፤ በጊዜ ሊደረስለት የሚችለው ቤት የቀረው ታናሹ ነው። ስለዚህ በልምምድ ቅጻችን ላይ አንድ ጥያቄ እንዲጨመር ለትምህርት ቤቴ አመልክቻለሁ፤ ይኸውም «በቤታችሁ ብሌኑ የነጣ ወይም ዓይኑ የሸወረረ ሕፃን አለ?» የሚል ነው። ከጥያቄው ቀጥሎ የወላጅ ስልክ፤ ጉዳዩን የሚከታተለው መምህር ስምና ልጁ ከሆስፒታል ሲመለስ የሚጎበኝበት ቀን ይሞላል። ማኅበራችንም ቅጹን ለየትምህርት ቤቱ እንዲያድል እለምናለሁ።