ሁለት ቀን በሳላማንካ



በማድሪድ የሚማር አንድ ተማሪ፥ ሰኞ ፈተና ያለበት ቢሆንም፥ ቅዳሜና እሑድን ወጣ ብሎ ለመመለስ ቢያስብ ወዴት ይሂድ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፥ ሳላመነታ ወደ ሳላማንካ እላችኋለሁ። እስቲ ይህን ተማሪ ዛሬ በሐሳብ እንከተለው።

ሳላማንካ ከማድሪድ በስተሰሜን ምዕራብ፥ በመንገድ ከ200 ኪሎ ሜትር ጥቂት ርቃ በቶርሜስ ወንዝ ዳር የተቆረቆረች የእስጳንያ ከተማ ናት። ወንዙን ከሚያሻግረው ድልድይ 26 ቅስቶች መካከል 15ቱ ከሮማውያን ዘመን የቆዩ ናቸው። የቀሩትን በ1626 ዓ.ም. ጎርፍ ስለ ወሰዳቸው እንደ ገና ታንጸዋል። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መናገሬን ልብ በሉልኝ። ሕንፃዎቹ የተሠሩበት ድንጋይ ከመሬት ሲወጣ ለመጥረብ የለዘበ ነው፤ ነፋስና ፀሐይ ሲያገኘው ግን ይጠነክራል፥ መልኩም ወርቅማ ይሆናል። ከዚህም የተነሣ ጠራቢዎቹ ግንቡን እንደ ጥልፍ ሊያጌጡት ችለዋል።

ዩኒቨርሲቲውን በ1218 ዓ.ም. ያቋቋመው የሌዎን ንጉሥ አልፎንሶ 9ኛ ሲሆን፥ እስከ ዛሬ ድረስ ያስተምራል። በጥንታዊው በር ፊት ዘወትር ሰው ተሰብስቦ አንገቱን አቅንቶ ሲያንጋጥጥ ይታያል። የሚፈልጉትም በጌጡ መካከል በአንድ የራስ ቅል ላይ የተቀረጸችውን ትንሽ እንቁራሪት ነው። ማንም ሳያሳየው በራሱ ዓይን ያገኛት ተማሪ ፈተናውን ያልፋል ይባላልና፥ ተማሪያችንም ከሰኞው ጉዳይ የተነሣ ከተሰበሰቡት ጋር ቢያንጋጥጥ አንፈርድበትም።

ነገር ግን በዚያው አደባባይ መካከል የቆመ አንድ የመነኵሴ ሐውልት አለ። እናንተ ከዚያ የደረሳችሁ እንደ ሆነ፥ ከእንቁራሪቷ ይልቅ ስለዚህ ሰው ጠይቁ። ስሙ ፍራይ ሉዊስ ደ ሌዎን ይባላል፤ በዚህ ዩኒቨርሲቲ የታወቀ መምህር ነበር። ላቲን ለማታነብ ለአንዲት መነኵሲት ብሎ መኃልየ መኃልይ ዘሰሎሞንን ወደ አገሩ ቋንቋ ተረጐመ። መጽሐፍ ቅዱስን በሕዝብ ቋንቋ ማውጣት በዚያን ጊዜ በእስጳንያ የተከለከለ ነበረ። ጽሑፉ ግን ከእጅ ወደ እጅ ተዛመተ። ደግሞም ከላቲኑ ትርጉም ይልቅ የዕብራይስጡን ምንጭ ያስበልጣል ተብሎ ተከሰሰ። ከከሳሾቹም ዋነኞቹ በዚያው ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩ ባልደረቦቹ ነበሩ፤ ከሰው ጋር በአንድ ቢሮ ብዙ ዘመን የሠራ ሁሉ ይህን ነገር ያለ ትርጓሜ ይረዳዋል። በ1572 ዓ.ም. የሃይማኖት መርማሪው ፍርድ ቤት አስይዞ፥ ቫያዶሊድ በተባለች ከተማ አምስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው ድረስ አሰረው።

በ1576 ዓ.ም. መጨረሻ በነጻ ተለቆ ወደ ማስተማሪያው ሲመለስ፥ ስለ እስሩ አንዳች ሳያነሣ «ትናንት እንዳልነው» ብሎ ትምህርቱን ጀመረ ይባላል። ይህን መናገሩን የሚጠራጠሩ ሊቃውንት አሉ። የማስተማሪያው ክፍል ግን አለ። አግዳሚዎቹ ከግንድ ተጠርበው በቅጡ ሳይላጉ የቀሩ፥ ለመቀመጥም ለመጻፍም የማይመቹ ጠባብ እንጨቶች ናቸው፤ በላያቸውም የጥንት ተማሪዎች የቀረጹት ምልክት ይታያል። የእኛን ዘመን ተማሪ ወንበር የሚነቅፍ ሰው መጥቶ ቢያያቸው ደስ ይለኛል።

በዚያው ሕንፃ ውስጥ ትልቁ የስብሰባ አዳራሽ ይገኛል። የእርስ በርስ ጦርነት በተነሣበት ዓመት፥ ኦክቶበር 12 ቀን 1936 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲው ኃላፊ ደራሲው ሚጌል ደ ኡናሙኖ፥ አስቀድሞ የወታደሮቹን አመፅ ደግፎ የነበረው ሰው፥ በጄኔራል ሚያን አስትራይ ፊት ተነሥቶ የተቃወመው እዚህ ነው። የተናገረው ቃል በትክክል ምን እንደ ነበረ ዛሬም ያከራክራል። ከሥልጣኑ መሻሩ ግን አያከራክርም። በዚያው ዓመት የመጨረሻ ቀን በቤቱ ሞተ።

እሑድ ዕለት ተማሪያችን ወደ አሮጌው ካቴድራል ይሄዳል። አዲሱ የሚባለውም ከጎኑ የቆመ ነው፤ አዲስ መባሉ በ1513 ዓ.ም. ተጀምሮ በ1733 ዓ.ም. ስለ ተፈጸመ ነው። በአሮጌው ካቴድራል የቅድስት ባርባራ ጸሎት ቤት ይገኛል። በቀድሞ ዘመን ለከፍተኛ ማዕርግ የሚፈተነው ተማሪ በዋዜማው ሌሊት ብቻውን በዚያ ተዘግቶበት፥ እግሩን በመቃብሩ ላይ ከተቀረጸው የጳጳስ ምስል እግር ጋር አጋጥሞ ሲያጠና ያድር ነበር። በማግሥቱ መምህራኑ ይፈትኑታል። ያለፈ እንደ ሆነ በትልቁ በር በእልልታ ይወጣል፤ የወደቀ እንደ ሆነ የጋሪ በር በሚባለው በጎን ሾልኮ ይሄዳል። የዶክተርነት ማዕርግ ያገኘም ስሙ የበሬ ደም በተቀላቀለበት ቀይ ቀለም በግንብ ላይ ይጻፍለት ነበር፤ ጽሑፎቹ ዛሬም በየግድግዳው ይታያሉ። ይሁን እንጂ ግብዣውንና የበሬ ፍልሚያውን ሁሉ ተመራቂው ከኪሱ ይከፍል ስለ ነበረ፥ ለድኃ ተማሪ ከፈተናው ይልቅ ማለፉ ይከብደው ነበር ማለት ይቻላል።

እሑድ ማታ ተማሪያችን ከቀዩ ጽሕፈት ሥር አልፎ ወደ ባቡር ጣቢያ ይሄዳል። እንቁራሪቷን አግኝቷት እንደ ሆነ ግን አልጠየቅነውም።