ወንበር መልቀቅ



ቴአትር የተማርኩ ሰው ነኝና የሬስሊንግን ትግል የማየው እንደ ድራማ ነው። ደብሊው ሲ ደብሊው የተባለው የአሜሪካ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1996 ሕዝቡ የሚወደውን ሐልክ ሆጋንን ድንገት ከሃዲ አደረገው። ተመልካቹ በንዴት ያገኘውን ሁሉ ወደ መድረኩ ወረወረ! ድርጅቱም ከ80 ሳምንታት በላይ በተመልካች ብዛት ተቀናቃኙን በተከታታይ መራ።

ታዲያ ምን ጣለው? ያንኑ ታሪክ መደጋገሙ። አንጋፋዎቹ ቦታ አንለቅም አሉ። በጥር 1999 ኬቨን ናሽ በሆጋን አንድ ጣት ተነክቶ ወደቀ፤ ቀበቶውንም አስረከበ። ተመልካቹ ተናቅሁ አለ። በዚያው ዓመት ወጣቱ ክሪስ ጄሪኮ ወደ ተቀናቃኙ ሄደ። በ2001 ድርጅቱ ራሱ ለዚያው ተቀናቃኝ ተሸጠ።

እኛስ? የማኅበራችን ኮሚቴ ውስጥ ብዙ ዓመት የተቀመጥን አለን፤ አንዱ እኔ ነኝ። ዘንድሮ ወንበሬን ለወጣት ምሩቅ እለቃለሁ። ማን ይከተለኛል?