በደብረ ሊባኖስ ገደል ያየናቸው አበቦችና ቢራቢሮዎች

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ባለፈው መስከረም፤ መስቀል በዋለ በሦስተኛው ቀን፤ ሰባት ሆነን ወደ ደብረ ሊባኖስ ገደል ወርደን ነበር። ቦታው ከአዲስ አበባ በስተሰሜን መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ስንነሣ አሳባችን ሽርሽር እንጂ ጥናት እንዳልነበረ አስቀድመን ብንናዘዝ ይሻላል። መረብ የያዘው አንዳችን ብቻ ነው፤ እርሱም ከአሮጌ አጎበር ቆርጦ የሰፋው ነበር።

አፋፉ ላይ የደረስነው ከጠዋቱ በሁለት ሰዓት ተኩል ግድም ነው። ሜዳው በአደይ አበባ ቢጫ ሆኗል። ከሕፃንነታችን ጀምሮ ለእንቁጣጣሽ ስንቀጥፈው የኖርነውን አበባ በማጉያ መነጽር ያየነው ግን ያን ዕለት ገና መጀመሪያችን ነው። አንድ አበባ የምንለው ለካ አንድ አይደለም፤ መካከሉ ላይ ያሉት ጥቃቅን ነጥቦች እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ አበቦች ናቸው። ኑግም ከዚሁ ቤተ ሰብ ነው።

ቢራቢሮዎቹ በዚያ ሰዓት አይበሩም ነበር። ክንፋቸውን ዘርግተው ከድንጋይ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ፤ የሚበሩበት ጡንቻ በፀሐይ ካልሞቀ መነሣት አይሆንላቸውም። በዚህ ረገድ ከመኝታ ቤታችን ነዋሪዎች ብዙ አይለዩም።

ወደ ታች ስንወርድ ክርክር ተነሣ። ከቀጋው ቁጥቋጦ አጠገብ በጥቁር ክንፉ ላይ ትልልቅ ነጭ ነጠብጣብ ያለበት ቢራቢሮ አንዲት ብርቱካንማ ቢራቢሮ ያባርራል። የብርቱካንማዋ ክንፍ ጫፉ ጥቁር ነው። ግማሾቻችን «ሁለት ልዩ ልዩ ዘሮች ናቸው፤ ጠብ ነው» አልን። መረብ የያዘው ጓደኛችን ብርቱካንማዋን ያዛትና ጠርሙስ ውስጥ ከተታት። ጥቂት ቆይቶም ሌላ ብርቱካንማ ያዘና «ይህችም ያችው ናት» ብሎ አብሮ ጨመራት።

ማታ ከመጽሐፍ ጋር ስናስተያይ አፈርን። ሁለተኛይቱ እውነተኛዋ መርዛማ ቢራቢሮ ናት። ትሏ ሲቀነጠስ ነጭ ወተት የሚያወጣ ቅጠል እየበላ ያድጋል፤ መርዙንም በሰውነቱ ያከማቻል። የበላቻት ወፍ ስለምታስመልስ ዳግመኛ አትነካትም። የፊተኛይቱ ግን መርዝ የላትም፤ የመርዛማዋን ልብስ ተውሳ የምትኖር ሌላ ዘር ናት። ጥቁሩ ደግሞ ጠበኛዋ ሳይሆን ባሏ ነበር! እንዲህ ያለውን መመሳሰል እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1862 የገለጸው ቤትስ የተባለው እንግሊዛዊ ነው፤ እርሱ ያጠናው በአማዞን ጫካ ነበር። እኛ ስሙን ለፈተና ሸምድደነዋል፤ ነገሩ በዓይናችን ፊት ሲሆን ግን አላወቅነውም። ሁለቱም በጠርሙሱ ውስጥ ሞተዋል፤ የክንፋቸውም ቅርፊት እንደ ዱቄት በጣታችን ላይ ቀረ። ስለዚህ ነገር እስከ አሁን አልተስማማንም።

ከወንዙ በላይ ፍየል የሚጠብቅ የዐሥር ዓመት ያህል ልጅ አገኘን። አደዩን አሳይተን «ይህን ምን ትሉታላችሁ?» ብንለው፤ «ኬሎ ነው፤ ጋሼ» አለ። ቢራቢሮውንም «ቢላቻ» አለው። ከዚያ እርሱ በተራው ጠየቀን፤ ስለ አንድ ሰማያዊ አበባ፤ ስለ አንድ እሾኻም ተክል፤ ስለ ሌላም። እኛ ከሁለቱ ለአንዱ የላቲን ስሙን ነገርነው፤ ልጁም ሳቀብን። በአማርኛም በኦሮምኛም ምን እንደሚባል ከሰባታችን አንድም የሚያውቅ አልነበረም።

መጽሐፍ የለም ማለታችን አይደለም። የብሔራዊ የዕፀዋት ቤተ መዘክራችን በ1959 ተመሥርቷል፤ ከኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ጋር በ1980 የተጀመረውም የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፀዋት መጽሐፍ በ2009 ተፈጽሟል፤ ሁሉም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። በውስጡ ስድስት ሺህ ያህል ዕፀዋት ተዘርዝረዋል፤ ለብዙዎቹም የአገር ስማቸው ተጽፏል። ጥፋቱ የእኛ የማንበብ ነው። ቢራቢሮን በሚመለከት ግን ቀይ፤ ነጭ፤ ጥቁር ሳንል ሁሉንም «ቢራቢሮ» ብለን እናልፋለን። ከአውሮፓ ተነሥታ ሰሐራን ተሻግራ የምትመጣዋ ባለ ነጠብጣብ ቢራቢሮ እንኳ ከእኛ ዘንድ የራሷ ስም ያላት አይመስለንም።

ስለዚህ ደብተር ከፍተናል። ያየናቸውን ሠላሳ አንድ አበቦች ሥዕላቸውን ነድፈን በየገጹ ለጥፈናል፤ ስም ያገኘንላቸው ዐሥራ አራት ናቸው። ደብተሩ ከማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ላይ ይገኛል፤ እርሳስም ታስሮበታል። ከጎጃም፤ ከሐረር፤ ከወለጋ፤ ከትግራይ የመጣችሁ እያንዳንዳችሁ በቋንቋችሁ ጻፉበት። በኅዳር ተመልሰን ስንወርድ ለዚያ ልጅ ዐሥራ ሰባት መልስ አለብን።