ባርኮድ ምን ይዟል? ምንስ አልያዘም?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በ12ኛ ክፍል ተማሪ የተነገረ)



የመረጥሁት ነገር ትንሽ ሊመስል ይችላል። ይኸውም በብስኩት፥ በሳሙና፥ በዱቄት ወተት ቆርቆሮ ላይ ታትሞ የምናየው፥ ባርኮድ የሚባለው የጥቋቁር መስመሮች ረድፍ ነው። ብዙ ሰው በየቀኑ እያየው ኹለት ነገር ያምንበታል። አንዱ፥ የዕቃው ዋጋ እዚያው ውስጥ ተጽፏል የሚል ነው። ኹለተኛው የከበደ ነው፤ የአውሬው ቍጥር 666 ተሰውሮበታል ይባላል። ኹለቱም እውነት አይደሉም።

አስቀድሜ አመጣጡን ልንገራችሁ፤ ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጆች አቈጣጠር ነው። በ1948 በአሜሪካ፥ በፊላደልፊያ ከተማ፥ አንድ የምግብ መደብሮች ኀላፊ ወደ ድሬክሰል ተቋም መጥቶ፥ ገበያተኛው ሲከፍል የዕቃው ዓይነት በራሱ የሚመዘገብበት መላ እንዲፈለግለት ዲኑን ለመነ። ዲኑ አልተቀበለውም። ነገሩን በአጠገቡ ሳለ የሰማው በርናርድ ሲልቨር የተባለ ተማሪ ግን ለጓደኛው ለኖርማን ጆሴፍ ውድላንድ ነገረው። ውድላንድ በልጅነቱ ስካውት ሳለ የሞርስን የቴሌግራፍ ፊደል ተምሮ ነበር። በማያሚ ባሕር ዳርቻ ተቀምጦ ሲያስብ፥ ነጥቡንና ሰረዙን በጣቶቹ አሸዋው ላይ ወደ ታች ቢስባቸው ቀጭንና ወፍራም መስመር ኾኑለት።

ኹለቱ ጓደኞች በ1949 አመልክተው በ1952 የፈጠራ መብት አገኙ። ነገር ግን ሌዘርና ርካሽ ኮምፒዩተር ገና ስላልነበረ ሐሳቡ ከ20 ዓመት በላይ ተኝቶ ቈየ። ሲልቨር በ1963 በ38 ዓመቱ ስለ ሞተ ፍሬውን ሳያይ ቀረ፤ ይኸ ያሳዝናል። ዛሬ የምናየውን ቅርጽ ያወጣው የአይ.ቢ.ኤም. መሐንዲስ ጆርጅ ሎረር ነው። በጁን 26 ቀን 1974 በኦሃዮ ግዛት፥ በትሮይ ከተማ፥ ማርሽ በተባለ ሱፐርማርኬት ባርኮዱ በገንዘብ መክፈያው ላይ መጀመሪያ የተነበበለት ዕቃ አንድ የማስቲካ እሽግ ነበር፤ ዋጋውም 67 ሳንቲም።

አነባበቡ አስቸጋሪ አይደለም። መሣሪያው ብርሃን ይልካል፤ ጥቁሩ መስመር ብርሃኑን ይውጣል፥ ነጩ ይመልሳል። በዚህም የእያንዳንዱ ስፋት ይለካል። አንድ አሃዝ የሚጻፈው በ7 እኩል ክፍሎች ስፋት ውስጥ፥ በ2 ጥቁርና በ2 ነጭ መስመር ነው።

እንግዲህ ወደ 666 እንምጣ። በግራ ጫፍ፥ በመካከልና በቀኝ ጫፍ ብዙ ጊዜ ከሌሎቹ ረዘም ብለው የሚታዩ ጥንድ ጥንድ ቀጫጭን መስመሮች አሉ። በቀኙ ወገን 6 ቍጥር ሲጻፍ እርሱም በኹለት ቀጫጭን መስመር ነው። ስለዚህ ሦስቱን ጥንድ ስድስት፥ ስድስት፥ ስድስት ብለው የቈጠሩ ሰዎች ተነሡ፤ ወሬው በ1980ዎቹ በአሜሪካ በመጽሐፍ ሳይቀር ተሰራጨ። ኾኖም 6 ለመኾን 7 ክፍል ያስፈልጋል። የጫፎቹ ጥንዶች 3 ክፍል፥ የመካከሉ 5 ክፍል ብቻ ናቸው። መሣሪያው ቍጥር ብሎ አያነባቸውም፤ መጀመሪያው፥ መካከሉና መጨረሻው የት እንደ ኾነ የሚያውቅባቸው ድንበሮች ናቸው። ሎረርም በሕይወቱ ሳለ መመሳሰሉ አጋጣሚ ነው ሲል መልስ ሰጥቷል።

የሚፈሩትን ሰዎች አልንቅም። በዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 13 ስለ መግዛትና መሸጥ የተነገረውን ያነበበ ሰው፥ በሚገዛው ዕቃ ላይ የማያውቀውን ምልክት አይቶ ቢጠራጠር አይፈረድበትም። ግን ምዕራፉ የሚናገረው በሰው ቀኝ እጅ ወይም በግንባሩ ላይ ስለሚደረግ ምልክት እንጂ ስለ ሳሙና መጠቅለያ አይደለም። አንዲት እናት ለልጇ ልትገዛ ያነሣችውን ወተት በዚህ ፍርሃት መልሳ ብታስቀምጥ፥ የሚጎዳው ሕፃኑ ነው።

ታዲያ የያዘው ምንድር ነው? ቍጥር ብቻ። በአብዛኛው 13 አሃዝ ነው። የፊተኞቹ አሃዞች ኩባንያው የተመዘገበበትን አገር ያመለክታሉ፤ ለምሳሌ 616 ኬንያ ነው። ዕቃው የተሠራው ግን ሌላ አገር ሊኾን ይችላል። የመጨረሻው አሃዝ መፈተኛ ነው፤ ሒሳብ ለሚወዱ ጓደኞቼ ይኸ ደስ ይላል። 4006381333931ን እንውሰድ። ከ1ኛው ጀምረን አንድ አንድ እየዘለልን እስከ 11ኛው ስንደምር 20 ይኾናል። ከ2ኛው ጀምረን እስከ 12ኛው እንዲሁ ስንደምር 23፤ በ3 ስናበዛው 69። በድምሩ 89 ነው። 90 ለመሙላት 1 ይጎድላል፤ 13ኛው አሃዝም 1 ነው። አንድ አሃዝ በስሕተት ቢነበብ ሒሳቡ ዘወትር ይፈርሳል፥ መሣሪያውም ቍጥሩን አይቀበልም። ጎረቤታሞች አሃዞች ቦታ ሲለዋወጡም አብዛኛውን ጊዜ ይያዛል፤ እንደ 3ና 8 በ5 የሚበላለጡ ከኾኑ ብቻ ያመልጣል።

ዋጋው ያለው በመደብሩ ኮምፒዩተር ውስጥ ነው። ነጋዴው በዚያ መዝገብ አንድ መስመር ቢለውጥ፥ አንድ ቆርቆሮ ሳይነካ የሺሑን ዋጋ ለወጠ ማለት ነው። መፈተኛው አሃዝ ቍጥሩ በትክክል መነበቡን ይመሰክራል እንጂ፥ በመደርደሪያው የተለጠፈውና በደረሰኙ የወጣው ዋጋ አንድ መኾኑን አያውቅም። በእኔ አስተያየት ልንጠነቀቅበት የሚገባው ይኸ ነው። አሜሪካውያን ገዢዎችና የሠራተኛ ማኅበሮች ይኸን ገና በ1970ዎቹ ተረድተው፥ ዋጋው ከየዕቃው ላይ እንዳይነሣ ተከራክረዋል። የሚሺጋን ግዛትም በ1976 ዋጋ በየዕቃው ላይ እንዲለጠፍ ሕግ አወጣ፤ ሕጉም እስከ 2011 ድረስ ጸንቶ ቈየ።