የለቅሶ ቤት ምጣድና የገመድ ውፍረት
(በእድራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ክረምት በአንድ ለቅሶ ቤት የኤሌክትሪክ ምጣዱን ከቆጣሪው 40 ሜትር አርቀን ድንኳን ውስጥ ማስቀመጣችንን ታስታውሳላችሁ። እንጀራው ዓይን አላወጣም፤ ሊጡ አልቦካም ተባለ። ኋላ ገመዱን ብንነካው ትኩስ ነው፤ ላስቲኩም ለስልሷል። ጥፋቱ የኛው የንብረት ያዦቹ ነው፤ ለአምፖል የተገዛውን ባለ 1.5 ገመድ ለምጣድ ሰጠን።

ሂሳቡን ማባዛትና ማካፈል የሚያውቅ ሁሉ ይሠራዋል። 3,500 ዋት የሚስብ ምጣድ ለ220 ቮልት ሲካፈል 16 አምፔር ያህል ነው። መብራቱ ሄዶ ስለሚመለስ 40 ሜትሩ 80 ይቆጠራል። 80ን በ0.0175 (ይህ የመዳብ ቁጥር ነው) አባዝተን ለውፍረቱ ለ1.5 ስናካፍል 0.93፤ ይህንን በ16 ብናባዛ 15 ቮልት መንገድ ላይ ቀረ ማለት ነው። ምጣዱ ዘንድ የደረሰው 205 ነው። የቀረው ገመዱን አሞቀ፤ 240 ዋት ያህል መሆኑ ነው። ለሱም ከፍለናል፤ ቆጣሪ አይምርም!

በኛው በአቃቂ ወንዝ ላይ እንደተሠራው እንደ አባ ሳሙኤል ካሉ ማመንጫዎች መብራት በከፍተኛ ቮልት የሚላከውም ለዚሁ ነው፤ ቮልቱ ሲበዛ አምፔሩ ያንሳል፤ መንገድ የሚቀረውም እንዲሁ።

ባለሙያዎች ከመቶ 5 እጅ፣ ማለትም 11 ቮልት አይለፍ ይላሉ። ባለ 2.5 ገመድ 9 ቮልት ስለሚያስቀር ያልፋል። ነገር ግን የተረፈውን ጠቅልለን መሬት ላይ መተው ልማዳችን ነው፤ ያኔ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ባለ 4 ግን የሚያስቀረው 5.6 ብቻ ነው።

ስለዚህ 40 ሜትር ባለ 4፣ የመሬት ሽቦ ጭምር ያለው የመዳብ ገመድ እንዲፈቀድልን እንጠይቃለን። የድሮው ለአምፖል ይቆይ፤ እንዳይምታታ ጫፉ ላይ ቀይ ጨርቅ አስረንበታል።